የአሜሪካ ዘነዘና

ሰንበታ ቶርኖ አርሲ ደራ ተወልዶ ናዝሬት የኖረ ሰው ነው። «ቶርኖ» የአባቱ ስም አይደለም፤ ከተማው ያወጣለት ነው። በጉርምስናው አንድ ጣልያናዊ የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጥሮ እንጨትን በቶርኖ እያሽከረከሩ መቅረጽ ተማረ። ባለቤቱ አርጅቶ ወደ አገሩ ሲመለስ ያችን በእግር የምትረገጥ ቶርኖ ለሰንበታ ተወለት። እሱም ከገበያው ጀርባ ቆርቆሮ ቀልሶ የራሱን ቤት ከፈተ። የመጥረቢያና የአካፋ እጀታ ይሠራል፤ የአልጋ እግር፣ ከዘራ፣ የሙቀጫ ዘነዘና ይሠራል። ዱላ ግን አይሠራም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደራ ሳሉ በግጦሽ ጠብ ታላቅ ወንድሙ ጭንቅላቱን በዱላ ተመቶ ሲወድቅ ሰንበታ አጠገቡ ነበር። የመታው ሰው ሩቅ አይደለም፤ የሥጋ ዘመድ ነው። ሽማግሌ ገባ፣ ደሙም ደረቀ። ሰንበታ ግን ከዚያ ወዲያ ያንን መስክ ማየት አስጠላውና ናዝሬት ገባ። ብረት የተቀጠለበት ዱላ እንዲሠራለት የሚጠይቅ ደንበኛ በመጣ ቁጥር መልሱ አንድ ነው።

«ለመደገፍ ከሆነ ከዘራ አለልህ። ሰው ለመምታት ከሆነ ሌላ ቤት ሂድ።»

በሃምሳዎቹ አጋማሽ አንድ አሜሪካዊ አስተማሪ ከመሃሉ የተሰነጠቀ እንጨት ይዞ ወደ ቤቱ መጣ። ጫፉ ወፍራም ነው፤ ወደ መያዣው እየቀጠነ ይሄዳል፤ መጨረሻው ላይ ጉብ ያለ ነገር አለው።

«ይሄ ሞተ» አለ አስተማሪው በሚንተባተብ አማርኛ። «ሌላ እፈልጋለሁ።»

ሰንበታ እንጨቱን አገላብጦ አየው። «ዘነዘና ነው?»

«ቤዝቦል ነው። ጨዋታ።»

«ማንን ነው የምትመቱበት?»

«ኳስ። ኳስ ብቻ።»

ሰንበታ አላመነም። ያም ሆኖ በማግስቱ ከወይራ አንድ ሠራለት። አስተማሪው ተቀብሎ ሊያወዛውዘው ቢሞክር እጁ ዝሎ ወደቀ፤ «ይሄ ለዝሆን ነው» ብሎ ሳቀ። ከዋንዛ የተሠራው ደግሞ ቀላል ሆነ፤ በመጀመሪያው ምት ለሁለት ተከፈለ። በመጨረሻ ሰንበታ የመጥረቢያ እጀታ የሚሠራበትን፣ ከአርሲ ደጋ የሚመጣውን ቀወት የሚባል ነጭ እንጨት አሰበ። ቀወት ሲመቱበት ይለምጣል እንጂ አይሰበርም። ያንን ያገኘ ቀን አስተማሪው እቅፍ አድርጎ ሊስመው ምንም አልቀረውም።

ከዚያም ወደ ሜዳ ወሰደው፤ ጨዋታውን እንዲያይ። ሰንበታ ኮቱን አጣጥፎ ሣሩ ላይ ተቀመጠና ግማሽ ቀን ሙሉ አየ። ሕጉ አንዱም አልገባውም። ማታ ለሚስቱ ለወርቅውሃ እንዲህ አላት፤ «ጎረምሶች ናቸው፤ እንጨት ይዘዋል፤ ይጯጯሃሉ፤ ይናደዳሉም። ግን አንዱ በአንዱ ላይ አላነሣውም። አየሽ፣ እንዲህም ይቻላል።»

እንግዲህ ቤተሰቡ ወደ ቤዝቦል የገባው በዚህ በር ነው። አስተማሪው ለጓደኞቹ ነገረ። የሚሲዮን ሰዎች መጡ፤ ከአዲስ አበባ ፈረንጅ እየጫነ ይሄድ ጀመር፤ አስመራ ድረስ የተላከም ነበር። ሰንበታ በጋለ ብረት ወፍራሙ ጎን ላይ «ሰንበታ ናዝሬት» ብሎ ይተኩሳል። ፈረንጆቹ ያችን ጽሕፈት በጣት እየዳሰሱ ይደነቁ ነበር። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ዕቃውን «የአሜሪካ ዘነዘና» ብሎ ሰየመው።

ሽታዬ የሰንበታና የወርቅውሃ አንድያ ልጅ ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ጥላ ቶርኖው ጋ ትቆማለች፤ እግሯ መርገጫውን እንደደረሰ አባቷ ቦታውን ለቀቀላት። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት ከእሱ የፈጠነች ሆነች። መቼም ከተማ ወሬ አያጣም፤ ሴት ልጅ ቀሚሷን ሰብስባ ቶርኖ ስትረግጥ ለማየት ብቻ የሚመጣ ነበር። አንድ ቀን እጀታ ሊገዛ የመጣ ሰውዬ ግራ ቀኝ አይቶ፣ «ወንድ የለም እንዴ እዚህ ቤት?» አላት።

«አለ» አለች ሽታዬ ከሥራዋ ቀና ሳትል። «ያውና ሰጋቱራ እየጠረገ ነው።»

የሚጠርገው ገሠሠ የሚባል የቤቱ ሠራተኛ ነበር። ሰውዬው ሳቀ። ገሠሠ ግን አልሳቀም፤ መጥረጊያውን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ። ያ ቃል በጆሮው ውስጥ ስንት ዓመት እንደኖረ ማን ያውቃል።

ሰንበታ በስድሳ አራት ዓ.ም. ታሞ አረፈ፤ ወርቅውሃም ብዙ አልቆየች። ሽታዬ ያኔ መርዳሳ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር አግብታለች። መርዳሳ ረጋ ያለ፣ ነገር የማይወድ ሰው ነው፤ ከአርሲ ቀወቱን የሚያመጣላት እሱ ነበር። የአባቷን ቤት ዘግታ ሻይ ቤት እንድታደርገው የመከሯት ብዙዎች ናቸው። ምክሩን ሰምታ በማግስቱ ከሰንበታ ስም ሥር የራሷን ጨምራ የበሩን ጽሑፍ አስቀባችው።

አብዮቱ ሲፈነዳ ፈረንጆቹ አንድ በአንድ መሄድ ጀመሩ። የመጨረሻው ትልቅ ትእዛዝ ከአዲስ አበባ የመጣ ነበር፤ ሽታዬ ከአባቷ የተረፈውንም ጨምራ፣ በእሱ ብረት ስሙን ተኩሳ ብትጠብቅ ወሳጅ ጠፋ። ባለቤቶቹ አገር ለቀው ሄደዋል። ያ ሁሉ ቤዝቦል ግድግዳውን ተደግፎ እስከ ጣሪያው ተከምሮ ቀረ። አንዳንድ ሴት ለበርበሬ መውቀጫ ወስዳ ሞክራ «ቀለለብኝ» እያለች መለሰችላት። ሽታዬም ወደ ድሮው ወደ እጀታና ወደ ከዘራው ተመልሳ ኑሮዋን መግፋት ቀጠለች።

ገሠሠ በዚያ መሃል ሥራውን ትቶ ሄዶ ነበር። ሲመለስ ካኪ ለብሶ፣ ሽጉጥ ታጥቆ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ሆኖ መጣ። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ከኋላው አሉ። ገብቶ ቶርኖዋን ዳሰሰ፤ የተከመረውን አየ።

«ጓድ ሽታዬ፣ የቀበሌው ወጣቶች የስፖርት ክበብ እያቋቋምን ነው። ይኼ እዚህ አቧራ ከሚጠጣ ወጣቱ ቢጫወትበት አይሻልም?»

ሽታዬ ደስ አላት። እውነት ደስ አላት! አባቷ ሣሩ ላይ ተቀምጦ ያየውን ጨዋታ የሰፈሯ ልጆች ሲጫወቱት ታያት። የተመረጡትን አውርዳ፣ በጨርቅ ወልውላ፣ በሁለት እጇ ሰጠችው። ስለ ሕጉም የምታውቀውን ያህል ነገረችው፤ አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ ይመታል፣ ከዚያ ይሮጣል።

«እንሮጣለን፤ አታስቢ» አላት ገሠሠ።

ስድሳ ዘጠኝም አለፈ፤ ሰባ ገባ። የዚያን የቀይ ሽብር ዓመት ነገር ለናዝሬት ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የሽታዬ የአጥር ጎረቤት ፈይሳ የሚባል አስተማሪ ነበር፤ ጰንጤ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ስለታሸገ ጥቂት ሰዎች እሱ ሳሎን እየተሰበሰቡ ይጸልዩ ነበር። አንድ እሑድ ጠዋት መዝሙር ላይ እንዳሉ አብዮት ጠባቂዎች ገብተው ወሰዱት። ሚስቱ ፀዳለ ስንቅ ይዛ ቀበሌው በር ላይ ስትመላለስ ከረመች። ሲለቁት በጋሪ ተጭኖ መጣ። በእግሩ መቆም አልቻለም ነበር።

ሽታዬ ሾርባ ይዛ ገባች። ፈይሳ ፍራሽ ላይ ተጋድሟል፤ ግራ እጁ በሸራ ታስሯል፤ ውስጥ እግሩ ተልጦ በቅባት ጨርቅ ተጠቅልሏል። ሾርባውን ጥቂት ቀመሰና ተወው።

«ሽታዬ» አለ፤ «አንድ ነገር ልነግርሽ እፈልጋለሁ። ፀዳለ አትንገራት ትላለች።»

«ፈይሳ፣ ተው» አለች ፀዳለ ከበሩ።

«ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ትስማው።» ዓይኑን ጨፈነ። «ከመምታታቸው በፊት ዱላውን ፊቴ ላይ አስጠግተው፣ ጮክ ብለህ አንብብ ይሉኝ ነበር። ላዩ ላይ የተጻፈውን። ሳነብ ይስቃሉ፤ ከዚያ ይጀምራሉ።»

«ምን ተጽፎበት ነው?» አለች ሽታዬ። ግን ገብቷታል።

«የአባትሽ ስም።»

ሽታዬ ሳሕኑን መሬት ላይ አስቀመጠች። ጎንበስ ብላ የተጠቀለለ እግሩን ስማ ወጣች። ቤቷ ገብታ ነጠላዋን ስታደገድግ መርዳሳ በሩ ላይ ቆመ።

«የት ነው?»

«ቀበሌ።»

«ሽታዬ፣ ልጆች አሉን እኮ።»

«ልጆቹም የአያታቸውን ስም ዱላ ላይ ሊያነቡት ነው» አለችና በጎኑ አልፋ ወጣች።

ቀበሌው ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ ሰፊ ግቢ ነው። ያን ዕለት ስኳር መጥቶ ስለነበር ሴቱ ሁሉ ከቀበሌው ሱቅ ፊት ተሰልፎ ነበር። ሽታዬ ሰልፉን አልፋ ግቢው መሃል ቆመች።

«ገሠሠ! ገሠሠ ውጣ!»

በር ላይ ያለው ጠባቂ ደነገጠ። «ጓድ ሊቀመንበር ነው የሚባለው!»

«እኔ የማውቀው ገሠሠን ነው። ገሠሠ ውጣ!»

ገሠሠ በረንዳው ላይ ብቅ አለ።

«ምንድን ነው ጩኸቱ?»

«ለስፖርት ብለህ የወሰድከውን ልወስድ ነው የመጣሁት። የአባቴን ስም መልስ።»

«ንብረቱ የሕዝብ ነው።»

«የሕዝብ ነው?» ሽታዬ ወደ ሰልፉ ዞረች። «ሕዝብ ይኸው! እናንተ፣ ከእናንተ መሃል በዚህ እንጨት ልጁ ሲጫወት ያየ አለ? አንድ ሰው? እኔ ልንገራችሁ፤ በዚህ እንጨት የተጫወቱት እነሱ ናቸው። ኳሱ ደግሞ ፈይሳ ነበር!»

ከሰልፉ ውስጥ ዘርፉ የምትባል ጠላ ሻጭ፣ ድምፀ ጎርናናዋ፣ «የኔም ወንድም ነበረ» አለች። አንዷ ሌላ፣ «የኔም ባል» አለች። ሰልፉ እንደ ንብ ያጉረመርም ጀመር።

ገሠሠ ከበረንዳው ወረደ። «አንቺና አባትሽ ላቤን የጠጣችሁት ሳያንስ ዛሬ ደግሞ ሕዝብ ታነሣሺብኛለሽ? ፀረ አብዮት!»

«አባቴ አንተን ከአንድ ትሪ አብልቶሃል። በዱላ ግን አልነካህም። ነክቶህ ከሆነ እዚህ ሰው ፊት ተናገር።»

ሽታዬ ጊዜ አልሰጠችውም፤ ገፍታው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ገባች። ቤዝቦሎቹን ከበሩ ጀርባ ጥግ ላይ ተደግፈው አየቻቸው። አንዱ ጫፉ ጠቁሯል። የቻለችውን ያህል አቅፋ ስትወጣ ሁለት ጠባቂዎች ያዟት፤ አልለቅም ብላ ታገለች፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈልቅቀው ወሰዱባት። ከዚያ ጓሮ ካለው መጋዘን ከተቷትና ዘጉባት።

እዚያ የደረሰባትን ሽታዬ በዕድሜዋ ሁሉ ለማንም ዘርዝራ አልተናገረችም። ስትወጣ እግሯ አብጦ እንደነበር፣ ከዚያም በኋላ ቀኝ እግሯን እየሳበች እንደኖረች ግን ያየ ሁሉ ያውቃል። የምትናገረው ገሠሠ መጥቶ ያላትን ብቻ ነው።

«ከበላያችን ያለው ከፍተኛ ጽሕፈት ቤት ለየቀበሌው ጥበቃ ዱላ እንዲሠራ አዟል» አላት፤ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ። «እንጨት ይቀርብልሻል። ረዳት ይመደብልሻል። ማኅበር ተቋቁሞ አንቺ ትመሪዋለሽ። እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም፤ በዚህ ሰበብ ላተርፍሽ ነው።»

«እምቢ።»

«በደንብ አስቢ። እዚህ ከገቡት ሁሉ በእግሩ የወጣ አይደለም።»

«አስቤያለሁ። አባቴ ከደራ የሸሸው እኮ ከዱላ ነው። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ልሠራልህ? እምቢ አልኩ።»

«እጅሽ ሌላ ምን ያውቃል?»

«እምቢ ማለት ያውቃል» አለችው።

መርዳሳ፣ ያ ነገር የማይወድ ሰው፣ ሚስቱ በታሰረች ማግስት መኪናውን አስነሥቶ ደራ ወጣ። የሰንበታ እኅት ጫልቱ እዚያ ናት፤ አሮጊት፣ ቀጥ ያለች፣ ባል የቀበረች የአርሲ ሴት። የሆነውን ሲነግራት ጥራጥሬ እየነፋችበት የነበረውን ወንፊት አስቀመጠች።

«ሲንቄዬን አምጡልኝ» አለች።

ሲንቄ ማለት የአርሲ ሴት በሠርጓ ቀን ከእናቷ የምትቀበላት ቀጭን በትር ናት። አይመታባትም። ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በወጡበት መንገድ ወንድ አቋርጦ አያልፍም፤ ሲንቄ በያዘች ሴት ላይ እጁን ያነሣ በአገር ፊት የተረገመ ነው። ጫልቱ ከቤት ቤት እየዞረች ሴቶቹን ጠራች። ደርግ አለ፣ ጥይት አለ ብሎ የከለከለ ባል አልጠፋም፤ ሴቶቹ ግን ቅቤያቸውን ተቀብተው፣ ሲንቄያቸውን ይዘው፣ የመርዳሳ መኪና ላይ ወጡ።

ረፋድ ላይ ናዝሬት ደረሱ። ቀበሌው በር ላይ ወርደው ተደረደሩ፤ ሲንቄዎቹን ወደ ላይ አንሥተው እልል እያሉ፣ በኦሮምኛ እየተቀባበሉ መዝፈን ጀመሩ። የሰፈሩ ሰው ሥራውን ትቶ ወጣ። በሩን የሚጠብቀው ነገሪ የሚባል የአርሲ ሁሩታ ልጅ ነበር፤ ጠመንጃውን አቀባብሎ ነበር የወጣው። ጫልቱ አጠገቡ ሄደች።

«የማን ልጅ ነህ አንተ?»

ነገሪ የአባቱን ስም ተናገረ።

«እናትህ ሲንቄ የላትም?»

«አላት።»

«እንግዲያው አፈ ሙዙን ወደ መሬት አድርግ፤ እናትህ ብታይህ ታፍራለች። ግባና ለአለቃህ ንገረው። ልጃችንን ሳንይዝ አንሄድም። ልምታችሁ የሚል ከሆነም እነሆ ጀርባችን።»

ነገሪ አፈ ሙዙን ዝቅ አደረገ። ገሠሠ ወጥቶ ሊያስፈራራ ሞከረ፤ ሽጉጡንም መዘዘ። ሴቶቹ አልተበተኑም። እንዲያውም የሰፈሩ ሴቶች፣ ሲንቄ የማያውቁትም ጭምር፣ ዘርፉን አስቀድመው ከኋላቸው ተሰለፉ። የአሜሪካ ሰላይ፣ አድኃሪ፣ አናርኪስት ብሎ የሚፈርጀው ሰው ገሠሠ አጣ፤ ፊቱ የቆሙት አሮጊቶች ናቸው። ገብቶ ስልክ ደወለ። ከዚያኛው ወገን ምን እንዳሉት አይታወቅም። ከቀትር በኋላ የመጋዘኑ በር ተከፈተና ሽታዬ ግድግዳ እየተደገፈች ወጣች።

ጫልቱ ትከሻዋን ሰጠቻት። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» አለቻት፤ «አታልቅሺ። እዚህ እንዳታለቅሺ።»

«አላለቅስም» አለች ሽታዬ።

ገሠሠ ከኋላቸው ጮኸ። «ሰኞ እንጨት ጭኜ እመጣለሁ! ያለቀለትንም እወስዳለሁ፤ ያልሠራሽውንም ትሠሪያለሽ!»

በማግስቱ ሽታዬ ባሏን የአጥሩን በር ወለል አድርጎ እንዲከፍተው ነገረችው። መቆም ስላልቻለች በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ መርዳሳ ሞርሳውን ከቤት አውጥቶ ፊቷ ተከለላት። ከዚያ የተከመሩትን ቤዝቦሎች እያወረደ ያቀብላት ጀመር። አንዱን በሞርሳ ታስርና በመጋዝ ከመሃሉ ትቆርጠዋለች፤ ቀጥላ ሌላውን። በመንገዱ የሚያልፍ ሁሉ ያያል። አብዮት ጠባቂዎችም አልፈው አይተዋል፤ ምን እየሠራች እንደሆነ የገባቸው አይመስልም።

መርዳሳ አንዱን ሲያቀብላት እጁ ላይ አቆየው። «ይኼን እሱ ነው የሠራው። የእጁ አለበት፤ አንገቱን እዪው።»

ሽታዬም አየችው። አባቷ አንገቱን ከሁሉ ይልቅ ቀጠን ያደርገው ነበር። ጉንጯ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች።

«እሰረው» አለች።

ዘርፉ በዚያ ሳምንት ልጇን ትድር ነበር። ሰባራውን አይታ ገባችና አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። «ሽታዬ፣ እንዳትቀየሚኝ፤ የሠርጉ ማገዶ አልሞላልኝም። የሚጣል ከሆነ ብዬ ነው።»

«የሚጣል አይደለም። ለሠርግ ከሆነ ግን ውሰጂው፤ ሁሉንም ውሰጂ።»

ሴቶቹ በዘንቢልና በጆንያ አጋዙት። ለስንት ዓመት የደረቀ እንጨት ነበርና ጭስ ሳይኖረው ነደደ፤ የድስቱ ሁሉ ሥር ፍሙ ቀላ። ሽታዬ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ከሙሽሪት አጠገብ ተቀምጣ አጨበጨበች። ፈይሳን ሁለት ሰዎች ደግፈው አመጡት፤ ሽማግሌዎቹ ሙሽሮቹን እንዲመርቅ ለመኑት። ድምፁ ደክሞ ስለነበር ለመስማት ሁሉም ጠጋ አለ። ሲጨርስ ያሉት አሜን ግን ዋናው መንገድ ድረስ ተሰማ። መርዳሳ የእሳቱን ሽታ መቋቋም አቅቶት ደጅ ወጥቶ ነበር፤ የአማቱ ቤት ሽታ ነው ይላል።

ሰኞ ገሠሠ እንዳለው እንጨት ጭኖ መጣ። ቤቱ ባዶ ነው። ግድግዳውን አየ፣ ጣሪያውን አየ።

«የት አደረግሻቸው?»

«በላናቸው» አለች ሽታዬ።

«ምን?»

«ዘርፉ ቤት ሠርግ ነበር። አብስለንባቸው በላን። አንተንም ጠርተንህ ነበር፤ አልመጣህም።»

ከጠባቂዎቹ አንዱ ሳቁ አምልጦት ፊቱን አዞረ። ገሠሠ እጁን አንሥቶ ነበር፤ ግን አልመታትም። ቶርኖዋን አስነቅሎ መኪናው ላይ አስጫነ፤ በሩን በሳንቃና በምስማር አስመታ። ሽታዬ በርጩማዋ ላይ ሆና አየችው። የአባቷ ቶርኖ ስትወጣ ከንፈሯን ነክሳ ነበር፤ ዓይኗን ግን ከገሠሠ ላይ አላነሣችም።

«ቶርኖዋን ወሰድክ» አለችው። «አሁን ራስህ ርገጣት።»

በዚያው ሳምንት ነገሪ፣ የሁሩታው ልጅ፣ በቀን ሰው እያየው መጥቶ ውኃ ጠየቀ። ጣሳውን ሲመልስ ቀስ ብሎ «እንደገና ሊወስዷችሁ ነው፤ ሴቶቹ ደራ እስኪመለሱ ጠብቀው ነው» አላት። መርዳሳ ልጆቹንና ዕቃውን ጫነ። ከኋላ ዕቃው መሃል ተሸፍና እንድትቀመጥ ቢለምናት አሻፈረኝ አለች። ጋቢና ገብታ፣ መስኮቱን ከፍታ፣ ክንዷን አውጥታ፣ በገበያው መሃል አልፈው ወደ ዝዋይ ወረዱ።

ቶርኖዋ ቀበሌው መጋዘን ውስጥ ዝጋ ቀረች፤ ርገጣውን የሚያውቅ አልተገኘም። ገሠሠን ከጥቂት ዓመት በኋላ የራሱ ሰዎች አነሡት አሉ። ወዴት እንደሄደ ሽታዬ አልጠየቀችም። ፈይሳ እጁ ባይቃናም ማስተማሩን ቀጠለ፤ ጠመኔውን በቀኝ እጁ ይዞ ግራውን ኪሱ ውስጥ ይከት ነበር። ጫልቱ ደራ በሰላም አረፈች።

ዝዋይ የሽታዬን ስም የሚያውቅ አልነበረም። በመጥረቢያ፣ በመላጊያና በሞረድ እንደገና ጀመረች። መጀመሪያ የጋሪ ዘንግ ሠራች፤ ከዚያ ዓሣ አጥማጆቹ መቅዘፊያ ይሰበርባቸው እንደነበር አየች። ሐይቁ ዳር ወርዳ የጀልባውን አካሄድ፣ የሰውየውን አያያዝ ስታጠና ሰነበተች። ያለ ቶርኖ አንዱን መቅዘፊያ ለመጨረስ ብዙ ጊዜ ይፈጅባት ነበር፤ ክንዷ በወንድ ክንድ ልክ ደነደነ። ውሎ አድሮ የእሷን መቅዘፊያ ያልያዘ ጀልባ ጠፋ።

በሰባዎቹ መጨረሻ ለብሔራዊ ውትድርና ጎረምሳ በየመንገዱ መታፈስ ሲጀምር ከከተማው አንድ ሹም ወደ ሥራ ቦታዋ መጣ። ወጣት ነው፤ ጨዋ ነው፤ ስለ እሷ የሰማው ነገር የለም።

«እትዬ ሽታዬ፣ እጅዎ ብርቱ ነው ብለውኝ ነው። ለአፈሳው ጠባቂዎች ዱላ ያስፈልገናል። ቀላል ሥራ ነው፤ የመቅዘፊያውን ሰፊ ጫፍ ትተው ዘንጉን ብቻ መሥራት ነው።»

ሽታዬ መላጊያውን አስቀምጣ ቀና አለች። የታመመ እግሯን ለማቃናት ጊዜ ወሰደባት።

«ልጄ፣ ናዝሬት ይህንኑ ጠይቀውኝ ነበር» አለችው። «ምን እንዳልኳቸው ሂድና ጠይቅ። ሩቅ ሄደህም እንዳትደክም፣ እዚሁ ልንገርህ፤ እምቢ ብያለሁ። ዛሬም እምቢ ነው።»

«መንግሥት እኮ ነው ያዘዘው።»

«ሰማሁ። የሚያስሩኝ ከሆነ አሁን ልምጣ፤ የማያስሩኝ ከሆነ ሥራ አለብኝ።»

ወጣቱ ሹም ግራ ገብቶት ቆመ። የሐይቁ ሰዎች፣ መቅዘፊያ ሊወስዱ የመጡት፣ ከተቀመጡበት አንድ በአንድ ተነሥተው ነበር። መጥተው ከጀርባዋ ቆሙ። እሱም እነሱን አየ፤ እሷን አየ፤ «እንመለስበታለን» ብሎ ሄደ። አልተመለሰም።

ሽታዬ ቁጭ ብላ መላጊያዋን አነሣች።

«ቀጣዩ ማነው?» አለች። አንድ ረጅም አጥማጅ እጁን አነሣ። «ና ቅረብ፤ ቁመትህን ልይ። ላንተስ ረዘም ያለ ነው የሚያስፈልግህ።»